ጃኬት ከመግዛታችሁ በፊት ሻጩን እወቁት፦ የተራራና የዘወትር ልብስ ኩባንያዎች ንጽጽር

ዝናቡ ድንገት መጣ። ጃኬቴን ለመዝጋት ዚፑን ወደ ላይ ስስበው ጎታቹ እጄ ላይ ቀረ። ጥርሶቹ ደህና ናቸው። ጨርቁ ደህና ነው። ገበሩም አልተተረተረም። የተበላሸችው ጥፍር የምታህል ብረት ብቻ ናት። ለኩባንያው ጻፍኩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ መልስ መጣ። ያ ሞዴል መመረት አቁሟል፣ መለዋወጫ የለም፣ ከፈለጉ ግን አዲሱን በቅናሽ ይግዙ ይላል። እኔ የጠየቅኩት ዚፕ ነው። አዲስ ጃኬት የጠየቀ ሰው የለም።

ከዚያ ወዲህ የልብስ ምርጫዬ ተለወጠ። ቀለሙንና ልኩን ከማየቴ በፊት ስለ ሻጩ እጠይቃለሁ። ኩባንያው የማን ነው? መጀመሪያ ምን ለመሥራት ተነሣ? ዛሬስ ያንኑ ይሠራል? ዕቃው ሲበላሽ ምን ይላል? እነዚህን አራት ጥያቄዎች ይዤ ታዋቂዎቹን የተራራና የዘወትር ልብስ ሻጮች አንድ በአንድ አየኋቸው። ያገኘሁትን ላካፍላችሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድማችሁ ግን ልብሱን የት እንደምትለብሱት ለራሳችሁ ንገሩ። ሥራ ደርሶ ለመመለስ ነው? ቅዳሜና እሑድ ለመንሸራሸር? ወይስ ድንኳን ውስጥ ሦስት ሌሊት ለማደር? ለበረዶ ተራራ የተሠራ ጃኬት ከተማ ውስጥ ይሞቃል፤ አሥር ደቂቃ ፈጠን ብላችሁ ስትራመዱበት ግን በላብ ትጠመቃላችሁ። ለከተማ የተሠራው ደግሞ ተራራ ላይ ሁለት ሰዓት ዝናብ ከመታው ያልቅለታል። ይህ መልስ ካልተለየ የቀረው ንጽጽር ሁሉ አይጠቅማችሁም።

ሦስቱ የተራራ ስሞች

ብዙ ሰው የሚያመነታው በፓታጎንያ፣ በዘ ኖርዝ ፌስና በኮሎምቢያ መካከል ነው። ከሩቅ ሲታዩ ሦስቱም አንድ ናቸው፤ ጃኬት፣ ፍሊስ (ለስላሳና ፀጉራም የሚሞቅ ሹራብ)፣ ቦርሳ ይሸጣሉ። ውስጣቸው ግን በጣም ይለያያል።

ፓታጎንያ የተወለደው ከቀጥቃጭ ቤት ነው ቢባል ያስኬዳል። ኢቮን ሹዊናርድ የሚባል ተራራ ወጪ በ1957 ያገለገለ የከሰል ምድጃና መስፍ ገዛ። ብረት መቀጥቀጥ ራሱን አስተማረ። ተራራ ወጪዎች የዓለት ስንጥቅ ውስጥ እየመቱ ገመዳቸውን የሚያስሩበትን ብረት እየሠራ ይሸጥ ጀመር። ወደ ልብስ ያመጣው አንድ ሸሚዝ ነው። በ1970 ስኮትላንድ ሄዶ የራግቢ ተጫዋቾች የሚለብሱትን ሸሚዝ ገዛ። ኮሌታው ጠንካራ ስለሆነ የመሣሪያው ማንጠልጠያ አንገቱን አይቆርጠውም። ጓደኞቹ ሲያዩት ከየት አመጣኸው አሉት። በ1973 ፓታጎንያ በካሊፎርኒያ ቬንቱራ ተቋቋመ።

እኔን የሚያሳምነኝ ከዚያ በፊት በ1972 ያደረገው ነው። እነዚያ ብረቶች ሲመቱና ሲነቀሉ ዓለቱን እያቆሰሉት እንደሆነ አየ። ብረቱ ዋና ገቢው ነበር። እሱ ግን ደንበኞቹ በመዶሻ የማይመታ፣ በእጅ ገብቶ በእጅ የሚወጣ መሣሪያ እንዲጠቀሙ መወትወት ጀመረ። የገዛ ገቢውን ለመቁረጥ የደፈረ ሰው ነው። በ1996 የጥጥ ልብሶቹን በሙሉ ያለኬሚካል ወደሚበቅል ጥጥ አዛወረ። በ2011 በዓመቱ ትልቁ የግብይት ቀን ጋዜጣ ላይ የራሱን ጃኬት ፎቶ አውጥቶ «ይህን ጃኬት አትግዙ» አለ። በ2022 ደግሞ ቤተሰቡ ኩባንያውን አስረከበ። ድምፅ የሚሰጠውን 2 በመቶ አክሲዮን ለአደራ ተቋም፣ የቀረውን 98 በመቶ ለተፈጥሮ ጥበቃ ለሚሠራ ድርጅት ሰጠ። ትርፉ ወደዚያ ይሄዳል።

ይህ ለገዢው ምን ይፈይዳል? ጥገና ነው የሚፈይደው። ፓታጎንያ በኔቫዳ ሬኖ ትልቅ የልብስ መጠገኛ ማዕከል አለው። ያገለገሉ ልብሶቹንም ተቀብሎ አጽድቶ መልሶ ይሸጣል። በየሦስት ወሩ አዲስ ዕቃ ካልሸጠ የሚቆጣው ባለ አክሲዮን ስለሌለበት አሮጌውን መጠገን ያዋጣዋል። ችግሩ ዋጋው ነው። ውድ ነው። አሥር ዓመት የማትለብሱት ከሆነ ያን ያህል አታውጡ።

ዘ ኖርዝ ፌስ ደግሞ በ1966 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የተከፈተ ትንሽ ሱቅ ነበር። የከፈቱት ዳግ ቶምፕኪንስና ሱዚ ቶምፕኪንስ ናቸው። ስሙ በሰሜኑ የምድር ክፍል የተራራ ሰሜናዊ ፊት ፀሐይ የማይነካው፣ ቀዝቃዛውና ለመውጣት አስቸጋሪው ጎን ስለሆነ የተሰጠ ነው። አርማው ላይ ያለችው ጉብታ ደግሞ በካሊፎርኒያው የዮሰሚቲ ፓርክ ያለው ሃፍ ዶም ዓለት ናት። ዳግ ቶምፕኪንስና ኢቮን ሹዊናርድ የልብ ጓደኛሞች ነበሩ። በ1968 ከካሊፎርኒያ ተነሥተው በመኪና እስከ ደቡብ አሜሪካ ጫፍ ወርደው ፊትዝ ሮይ የተባለውን ተራራ አብረው ወጡ። ፓታጎንያ የሚለው ስምም የዚያ አካባቢ ስም ነው። ሁለቱ ኩባንያዎች የአንድ ዘመን፣ የአንድ ወዳጅነት ልጆች ናቸው ማለት ይቻላል።

መንገዳቸው ግን ተለያየ። ቶምፕኪንስ ሱቁን ብዙም ሳይቆይ ሸጠው። ከ2000 ጀምሮ ዘ ኖርዝ ፌስ የቪኤፍ ኮርፖሬሽን ንብረት ነው። ቪኤፍ ቲምበርላንድንና ቫንስንም የያዘ፣ አክሲዮኑ በገበያ የሚሸጥ ትልቅ ድርጅት ነው። ያ መጥፎ ነው ማለት አይደለም። ኑፕሴ የተባለው ጃኬቱ፣ ከኤቨረስት ጎን ባለው 7,861 ሜትር ተራራ ስም በ1992 የወጣው፣ እስከ ዛሬ አሪፍ ጃኬት ነው። ብዙ ገዢ የሚሸወደው ሌላ ቦታ ላይ ነው። ያው አንድ አርማ በጣም በተለያዩ ልብሶች ላይ ይሰፋል። ለከፍተኛ ተራራ የሚሠራው መስመር ሌላ ነው፤ ለመንገድ ፋሽን የሚሠራው ሌላ ነው። ከዚህ ቤት ስትገዙ አርማውን እርሱትና የትኛው መስመር እንደሆነ አንብቡ። ዋስትናው ላይም አንድ ነገር አስተውሉ። የሚሸፍነው የስፌትና የጨርቅ ጉድለትን ነው። በመልበስ ብዛት ያለቀውን አይሸፍንም። ብዙዎቹ ኩባንያዎች እንዲሁ ናቸው።

ኮሎምቢያን ሰዎች ርካሹ አማራጭ ብለው ያልፉታል። ታሪኩን ብታውቁት ግን በሌላ ዓይን ታዩታላችሁ። ፖልና ማሪ ላምፍሮም ከናዚ ጀርመን ሸሽተው አሜሪካ ገቡ። በ1938 በኦሪገን ፖርትላንድ አንድ የባርኔጣ ንግድ ገዝተው በአካባቢው ወንዝ ስም ኮሎምቢያ አሉት። ልጃቸው ገርት ቦይል በ1960 ለዓሣ አጥማጆች ብዙ ኪስ ያለው ሰደርያ ሰፋች። በ1970 ባለቤቷ በልብ ድካም ድንገት ሞተ። ከመሞቱ ጥቂት ወራት በፊት ቤታቸውን አስይዞ ለንግዱ ተበድሮ ነበር። ገርት ከልጇ ከቲም ጋር ሆና ከኪሳራ አፋፍ መለሰችው። በኋላ ማስታወቂያው ላይ ራሷ ወጣች። ልጇን ጃኬት አልብሳ በመኪና ማጠቢያ ውስጥ ስታሳልፈው የሚያሳየው ማስታወቂያ ዝነኛ ነው። ገርት በ2019 በ95 ዓመቷ ዐረፈች።

ኮሎምቢያ ጎበዝ የሚሆነው ለተራ ሰው ሲሠራ ነው። በ1986 ያወጣው ቡጋቡ የተባለው ጃኬት ውስጡ በዚፕ ይለያያል። ሲበርድ ሁለቱን አንድ ላይ፣ ዝናብ ብቻ ሲሆን የላዩን ብቻ፣ ደረቅ ብርድ ሲሆን የውስጡን ብቻ ትለብሳላችሁ። በአንድ ግዢ ሦስት ልብስ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገዛ ሰው ከእኔ ምክር ሲጠይቅ መጀመሪያ የምለው ይህን ዓይነቱን ነው። በ2010 የመጣው ገበሩ ላይ ብርማ ቀለም ያለው ነጠብጣብ የሚያትመው ዘዴም ዓላማው የሰውነትን ሙቀት ወደ ሰውነት መመለስ ነው። ለተራራ ጫፍ ግን ኮሎምቢያን አልመርጥም። ለዚያ ራሱ ኮሎምቢያ በ2003 የገዛው ማውንቴን ሃርድዌር አለ።

ሁለት አያቶች፣ ሁለት ዕጣ

አሁን ደግሞ ወደ ጥንቶቹ እንሂድ። ኤል ኤል ቢንና ኤዲ ባወር ሲጀምሩ መንታ ይመስሉ ነበር። ሁለቱም የተነሡት አንድ ሰው ጫካ ሄዶ ስለተሰቃየ ነው።

ሊዮን ሊዮንውድ ቢን በሜይን ግዛት ሲያድን እግሩ እየረጠበ አስቸገረው። ስለዚህ ታቹ ጎማ፣ ላዩ ቆዳ የሆነ ቦት ጫማ አሠራ። በ1912 ማስታወቂያ በፖስታ ላከና 100 ጥንድ ሸጠ። 90ው ተመለሰ። ጎማው ከቆዳው እየተላቀቀ ነበር። ሰውዬው ለሁሉም ገንዘባቸውን መለሰ። ተበድሮ ጫማውን አስተካክሎ እንደገና ሸጠ። ከመቶው ዘጠና ጥንድ ተመልሶበት ያልጠፋ ነጋዴ ስንት ነው? ዛሬም ድርጅቱ በቤተሰቡ እጅ ነው፤ ያ ቦት ጫማም አሁንም እዚያው ሜይን ውስጥ ይሰፋል። ሶሉ ሲያልቅ ልካችሁ በአዲስ ታስቀይሩታላችሁ። ፍሪፖርት ያለው ዋና ሱቅ ከ1951 ጀምሮ 24 ሰዓት ክፍት ነው።

ለብዙ አሥርተ ዓመታት የኤል ኤል ቢን ዋስትና ገደብ አልነበረውም። ሃያ ዓመት የለበሱትን መመለስ ይቻል ነበር። በ2018 ተለወጠ። ሰዎች ከአሮጌ ዕቃ ተራ የገዙትን ጭምር እያመጡ ገንዘብ ይቀበሉ ስለነበር ድርጅቱ የመመለሻውን ጊዜ አንድ ዓመት አደረገው፤ የግዢ ማስረጃም ይጠይቃል። ብዙ የቆዩ ጽሑፎች ስለማይታደሱ አሁንም «የዕድሜ ልክ ዋስትና» የሚል ታገኛላችሁ። እሱን አምናችሁ አትግዙ። አንድ ዓመቱም ቢሆን ከብዙዎቹ ይሻላል።

ኤዲ ባወር ደግሞ በ1920 ሲያትል ውስጥ የቴኒስ ራኬት ክር የሚወጥር ወጣት ነበር። በ1930ዎቹ አጋማሽ ክረምት ላይ ዓሣ ሊያጠምድ ሄደ። የለበሰው ሱፍ ረጠበ፣ ከበደ፣ ብርዱ ሊገድለው ደረሰ። ተመልሶ የዝይ ላባ በጨርቅ ውስጥ በመስመር በመስመር አድርጎ ሰፋ። ስካይላይነር ይባላል፤ በ1940 የፈጠራ መብት አገኘበት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለአሜሪካ አብራሪዎች የላባ ልብስ ሠራ። በ1963 ጂም ዊተከር የመጀመሪያው አሜሪካዊ ሆኖ ኤቨረስት ጫፍ ሲደርስ የለበሰው የኤዲ ባወርን ላባ ነበር። ዛሬ ላባ የሞላበት የተከፋፈለ ጃኬት የምትለብሱ ሁሉ የዚህ ሰው ባለዕዳ ናችሁ።

ከዚያ በኋላ ስሙ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። በ1971 ጄኔራል ሚልስ የተባለው የምግብ ኩባንያ ገዛው። በ1988 ስፒገል የተባለው የካታሎግ ነጋዴ ወሰደው። ስፒገል በ2003 ከሰረ። ኤዲ ባወር ራሱ በ2009 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። በ2021 ስሙ ብራንድ እየሰበሰበ ለሌሎች በፈቃድ በሚያሠራ ድርጅት እጅ ገባ። አሁን አንድ ገዢ ኤዲ ባወር የሚል ልብስ ሲያነሣ ያን ልብስ ማን እንደሠራው፣ ማን እንደሚጠግነው አንገቱ ላይ ካለው ጽሑፍ ማወቅ ይከብደዋል። ይህን ስጽፍ ያሳዝነኛል። እንዲህ ያለ ስም ሲገጥማችሁ ታሪኩን አትግዙ፤ እጃችሁ ላይ ያለውን ልብስ ብቻ መዝኑ። ስፌቱ ጥሩ ከሆነና ቅናሽ ካለው ደግሞ ደስ ብሏችሁ ግዙት።

ከአንድ ስም በላይ የሚሸጡ

አር ኢ አይ የተራራ ዕቃና ልብስ የሚሸጥ የኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። በ1938 ሲያትል ውስጥ ሎይድና ሜሪ አንደርሰን ከተራራ ወጪ ጓደኞቻቸው ጋር መሠረቱት። ምክንያቱ ጥሩ የበረዶ መጥረቢያ በደህና ዋጋ ስላጡ ነው። ሎይድ ከኦስትሪያ በፖስታ አስመጣ፣ ሌሎቹም ለእኛም አሉት። ያ ጂም ዊተከር የማኅበሩ የመጀመሪያ ሙሉ ጊዜ ሠራተኛ ነበር፤ በኋላም መርቶታል። ማኅበሩ የሚያዋጣው የትኛውን ብራንድ እንደምትመርጡ ገና ካላወቃችሁ ነው። የብዙ ኩባንያ ልብስ አንድ መደርደሪያ ላይ አለ፣ ለክታችሁ ታወዳድራላችሁ። አባል ከሆናችሁ ያልተስማማችሁን እስከ አንድ ዓመት ትመልሳላችሁ። አባል ያልሆነ ሰው 90 ቀን አለው።

የፈረንሳዩ ዴካትሎን የዚህ ተቃራኒ ነው። በ1976 ሊል ከተማ አጠገብ ተከፈተ። አብዛኛውን ዕቃ ራሱ ነድፎ፣ ራሱ አሠርቶ፣ በራሱ ሱቅ ይሸጣል። መሃል የሚገባ አትራፊ ስለሌለ ዋጋው ይወርዳል። የእግር ጉዞ መስመሩ ኬቹዋ ይባላል። በብዙ ሱቆቹም የጥገና ክፍል አለ። ልጆች ላሏችሁ ሰዎች ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ልጅ በዓመት ልብስ ይጠበዋል፤ አሥር ዓመት የሚቆይ ጃኬት ለስምንት ዓመት ልጅ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

ለዘወትር ከሆነ

ዩኒክሎና ጋፕ ተራራ አያውቁም፤ ግን አብዛኞቻችን ሳምንቱን የምናሳልፈው ከተራራ ውጭ ነው። ዩኒክሎ በ1984 ሂሮሺማ ውስጥ ታዳሺ ያናይ የከፈተው ሱቅ ነው። አባቱ ኡቤ ከተማ የወንዶች ልብስ መደብር ነበራቸው። በ1998 ቶኪዮ ሃራጁኩ ሲገባ ፍሊስ ላይ አተኮረ። በ2000 ብቻ 26 ሚሊዮን ፍሊስ ሸጠ። ሚስጥሩ ጥቂት ዓይነት ልብስ መርጦ እያሻሻለ ዓመት ከዓመት መድገሙ ነው። ያ ለገዢ ትልቅ ነገር ነው። የወደዳችሁት ሱሪ በሁለተኛው ዓመትም ይገኛል።

ከቶሬይ ኩባንያ ጋር በ2003 ያወጣው ሂትቴክ የውስጥ ልብስ ላይ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የሚሠራው ከሰውነት የሚወጣውን እርጥበት በመምጠጥ ነው። ውስጡ ሬዮን የሚባል እርጥበት የሚይዝ ክር አለ። ተቀምጦ ለሚሠራ፣ አውቶቡስ ለሚጠብቅ ሰው ድንቅ ነው። ዳገት እየወጣችሁ በላብ ካራሳችሁት ግን ቶሎ አይደርቅም። ያን ጊዜ ይበርዳችኋል። ለዳገት ሜሪኖ ሱፍ ወይም ንጹሕ ፖሊስተር ያዙ።

ጋፕ በ1969 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ በዶንና በዶሪስ ፊሸር ተከፈተ። ዶን በልኩ የሚሆን ጂንስ አጥቶ ነው። መጀመሪያ የሊቫይስ ጂንስና የሙዚቃ ሸክላ ይሸጡ ነበር። ዛሬ ኦልድ ኔቪ፣ ባናና ሪፐብሊክና አትሌታ በአንድ ጣሪያ ሥር ናቸው። ለቤተሰብ ጥጥ ልብስ ጥሩ ነው። ባናና ሪፐብሊክ መጀመሪያ የሳፋሪና የመንገደኛ ልብስ ሻጭ ነበር፤ ጋፕ በ1983 ከገዛው በኋላ የቢሮ ልብስ ቤት ሆነ። በድሮ ስሙ አስባችሁ የጉዞ ልብስ ፍለጋ አትግቡ።

ሰም የሚቀቡ

አንድ ሌላ መንገድ አለ፤ እኔ ልቤ ወደዚያ ያደላል። የስዊድኑ ፊየልራቨን በ1960 ኦኬ ኖርዲን በሚባል ሰው ተመሠረተ። ዋናው ጨርቁ 65 በመቶ ፖሊስተር፣ 35 በመቶ ጥጥ ነው። ላዩ ላይ የንብና የፓራፊን ሰም ድብልቅ ይቀባል። ሙቀት ሲነካው ሰሙ ቀልጦ ጨርቁ ውስጥ ይገባል። ትከሻና ጉልበት ላይ ብዙ፣ ብብት ላይ ምንም አትቀቡም፤ ያኔ የምትፈልጉበት ቦታ ውሃ ይከለክላል፣ የምትፈልጉበት ቦታ ደግሞ ይተነፍሳል። ሰሙ ታጥቦ ሲለቅ እናንተው እንደገና ትቀባላችሁ። በ1894 የተመሠረተው የእንግሊዙ ባርበርም ሰም የተቀባ ጃኬት ይሠራል። ጃኬቱን መልሶ ሰም የሚቀባና የሚጥፍ ክፍል አለው። ከባድ ዶፍ ለሚዘንብበት ጉዞ አይበቁም። ለጫካ፣ ለእሾህ፣ ለእሳት ዳር ግን ከፕላስቲክ ሽፋን ይሻላሉ። ብልጭታ ናይለን ላይ ሲያርፍ ቀዳዳ ያበጃል። ወፍራም ጥጥ ላይ ብዙ ጊዜ ጥቁር ነጥብ ብቻ ይተዋል።

ሱቅ ውስጥ ምን ታያላችሁ?

ኩባንያውን ከለያችሁ በኋላ ልብሱን ገልብጡት። እኔ ጃኬት ስይዝ መጀመሪያ ውስጡን ወደ ውጭ አወጣና ብብቱን አያለሁ። የዝናብ ጃኬት ከሆነ እያንዳንዱ ስፌት ላይ ስስ ፕላስቲክ ተለጥፎ ይታያል። መርፌ የወጋው ቀዳዳ ሁሉ ውሃ ያስገባልና። ርካሾቹ ትከሻና ኮፍያ ላይ ብቻ ለጥፈው ጎኑን ይተዉታል። ብብት ላይ ስፌቶች ስለሚገናኙ ልጣፉ ቀድሞ የሚላጠው እዚያ ነው። አዲስ ሆኖ ጠርዙ በጥፍር የሚነሣ ከሆነ መልሱት።

ቁጥሮቹም ይረዳሉ። የውሃ መከላከያ በሚሊሜትር ይጻፋል። ጨርቁ ከማስገባቱ በፊት ላዩ ላይ ስንት ከፍታ ያለው ውሃ መሸከም እንደቻለ ነው። 5,000 ለካፊያ ይበቃል፤ 10,000 ለተለመደ ዝናብ፣ 20,000 ቀኑን ሙሉ ለሚመታ ዶፍ። ከባድ ቦርሳ የምትሸከሙ ከሆነ ማንገቻው ትከሻ ላይ ስለሚጫን ከፍ ያለውን ምረጡ። ጎርቴክስ የሚል ካያችሁ በ1969 ቦብ ጎር ከፈጠረው ዘዴ የመጣ ስስ ሽፋን ነው። ቀዳዳዎቹ ከውሃ ጠብታ 20,000 ጊዜ ያነሡ፣ ከእንፋሎት ሞለኪውል 700 ጊዜ የበለጡ ናቸው ይላል ኩባንያው። ዝናብ አይገባም፣ የላብ እንፋሎት ይወጣል። ያው ሽፋን በብዙ ኩባንያዎች ጃኬት ውስጥ አለ። ስለዚህ ልዩነቱ ያለው ስፌቱ፣ ኮፍያውና ጥገናው ላይ ነው።

የላባ ጃኬት ላይ 600፣ 700፣ 800 የሚል ቁጥር ታያላችሁ። ይህ የላባውን ጥራት ይናገራል፤ ያው ክብደት ያለው ላባ ምን ያህል እንደሚነፋ። ውስጡ ስንት ግራም እንዳለ ግን አይናገርም። ጥቂት 800 ካለው ጃኬት ብዙ 600 ያለው ሊሞቅ ይችላል። ላባ ከረጠበ ይተኛል፣ ሙቀቱም ይጠፋል። እርጥብ ቦታ ለምትኖሩ ሰው ሠራሹ ሙሌት ይሻላል።

አንድ አዲስ ነገር ደግሞ አለ። ውሃ ጨርቁ ላይ እንደ ዶቃ ተንከባልሎ እንዲወርድ ያደርጉ የነበሩት ፒፋስ የተባሉ ኬሚካሎች አካባቢ ውስጥ ገብተው አይጠፉም። ካሊፎርኒያና ኒው ዮርክ ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ አብዛኛው ልብስ ላይ ከልክለዋቸዋል። ብዙዎቹ ኩባንያዎች አዲሱን ቅብ ይዘዋል። አዲሱ ቅብ ቅባትና ላብ ስለሚይዘው ቶሎ ቶሎ መታጠብ ይፈልጋል። ጃኬታችሁ ትከሻ ላይ ውሃው መንከባለሉን ትቶ መስረግ ከጀመረ ተበላሸ ብላችሁ አትጣሉት። እጠቡት፣ መመሪያው ከፈቀደ በዝቅተኛ ሙቀት ማድረቂያ ውስጥ አዙሩት። ብዙ ጊዜ ይመለሳል።

እኔ ብሆን

ዓመቱን ሙሉ ውጭ የምትሠሩ ወይም በየሳምንቱ ተራራ የምትወጡ ከሆነ ፓታጎንያን ውሰዱ፤ ያገለገለውን ብታገኙ ደግሞ የበለጠ ያዋጣል። በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ለምትወጡ ኮሎምቢያ ይበቃችኋል። ዘ ኖርዝ ፌስን መስመሩን አጣርታችሁ ግዙ። ቦት ጫማ ሲሆን ኤል ኤል ቢን። ልጆች ሲሆኑ ዴካትሎን። ለሳምንቱ የሥራ ቀናት ዩኒክሎ። ገና ካልወሰናችሁ ብዙ ብራንድ የሚሸጥ ሱቅ ገብታችሁ፣ ከውስጥ የምትለብሱትን ሹራብ ይዛችሁ፣ እጃችሁን ወደ ላይ ዘርግታችሁ ለኩ። ጃኬቱ ወገባችሁን ካጋለጠ ይቅርባችሁ።

የትኛውንም ብትመርጡ ከመክፈላችሁ በፊት ለሻጩ አንድ ጥያቄ አቅርቡለት። «ዚፑ ቢበላሽ የት ነው የምትልኩልኝ?» በሉት። አድራሻ ከነገራችሁ ጥሩ ነው። ዝም ካለ የዚፑን ጎታች ጀርባ እዩት። እዚያ 3፣ 5፣ 8 ወይም 10 የሚል ቁጥር ተቀርጾ ሊሆን ይችላል። የጥርሱ መጠን ነው። ቁጥሩን ጻፉና አስቀምጡ። የእኔው ጃኬት 5 ይላል። በመጨረሻ የወሰድኩት ወደ አንድ ልብስ ሰፊ ነው። ቁጥሩን አየ፣ ከቆርቆሮ ውስጥ አንድ ጎታች አወጣ፣ የዚፑን ጫፍ ፈትቶ አስገባና መልሶ ሰፋው። አሥር ደቂቃ አልፈጀበትም። ዛሬም የለበስኩት እሱን ነው።